ዘጠኝ የተንጋደዱ ሥዕሎች

በከተማው ጋለሪ ሥዕል የሚሰቅለውን አናጢ በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። ከዳይሬክተሯ እስከ ጽዳት ሠራተኛዋ ሁሉም «ውሃ ልክ» ነው የሚሉት። ቅጽል ስሙን ያወጣለት ዘበኛው ነው ይባላል፤ ዘበኛው ግን «እኔ ምን አወጣሁ፣ ዕቃው ራሱ ነው ያወጣለት» ይላል። እውነት አለው። ያቺ በመስታወት ቱቦዋ ውስጥ የአየር አረፋ የምትዋኝባት፣ ነገር ቀጥ ማለት አለማለቱን የምትናገር የአናጢ መሣሪያ ከሰውየው ተለይታ አታውቅም። ትልቋ በሣጥኑ፣ ትንሿ በደረት ኪሱ፣ ሌላው ሰው እስክሪብቶ በሚሰካበት ቦታ ትቀመጣለች።

ጋለሪው ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት ሠርቷል። ከዚያ በፊት በርና መስኮት ይሠራ ነበር። የተጣበቀ በር እንዲያላቅቅ ተጠርቶ መጥቶ፣ በሩን ከጨረሰ በኋላ ሳይታዘዝ አጠገቡ የነበረውን ሥዕል ሲያቃና የዚያን ጊዜው ዳይሬክተር አየውና «ነገም ና» አለው። በነጋታው መጣ፤ በዚያው ቀረ።

ጠማማ ነገር አይቶ ማለፍ አይችልም። ሐኪም ቤት ተራ ሲጠብቅ የሐኪሙን ዲፕሎማ ያቃናል። አንድ ጊዜ ጥርሱን ሊነቀል አፉን ከፍቶ እንደተጋደመ ጣቱን ወደ ግድግዳው እየቀሰረ ቢወራጭ፣ ጥርስ ሐኪሙ ሕመሙ የጸናበት መስሎት አንድ መርፌ ጨመረለት። ለካስ የጠቆመው የቀን መቁጠሪያውን ኖሯል። በሆስፒታል መዝገብ ክፍል የምትሠራው ሚስቱ «እኔን ያገባኝ ትከሻዬ እኩል ስለሆነ ነው» እያለች ጓደኞቿን ታስቃለች።

ስለሚሰቅላቸው ሥዕሎች ግን አስተያየት አይሰጥም ነበር። ጋለሪው የዘመኑን ሥራ የሚያሳይ ስለሆነ ያላየው ጉድ የለም። አርባ ባልዲ በጣሪያ ላይ አንጠልጥሏል፤ የሚያወራ ማቀዝቀዣ ተሸክሞ ደረጃ ወጥቷል፤ አንድ ክፍል ሙሉ በአሮጌ ጫማ ሞልቶ፣ ኤግዚቢሽኑ ሲያበቃ ጫማዎቹን ጥንድ ጥንዳቸውን ለይቶ መልሷል። ሰው «ይሄ ደግሞ ጥበብ ነው?» ብሎ ሲጠይቀው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «እሱን የሚያውቁ አሉ። የኔ ሥራ እንዳይወድቅና እንዳይንጋደድ ነው።»

ነገሩ የተበላሸው አንዲት ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆናት ሠዓሊ ዘጠኝ ትልልቅ ሥዕሎች ይዛ የመጣች ጊዜ ነው።

ሥዕሎቹ የአንድ ቤት ውስጥ ናቸው። ሰው የለባቸውም። ኮሪደር፣ ወጥ ቤት፣ የተነጠፈ አልጋ፣ መስኮት፣ ካልሲ የተሰጣበት ወንበር። እያንዳንዳቸው ወደ ሁለት ሜትር ይሰፋሉ። ውሃ ልክ ግድግዳውን በስቱኮ ደፍኖ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ፣ ነጭ ቀለም ቀብቶ ጠብቋታል። ሜትሩን ሲዘረጋ ሠዓሊዋ ጠጋ አለችው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት። ዘጠኙም ተንጋደው ነው የሚሰቀሉት።»

ውሃ ልክ ሳቅ አለ። ቀልድ መስሎት ነበር። እሷ ግን አልሳቀችም። ወደ ዳይሬክተሯ ዞረ። ዳይሬክተሯ ወደ ጋለሪው የመጣችው ገና ተማሪ ሳለች የሥዕል መግለጫ ወረቀት ለመለጠፍ ነው፤ ያን ጊዜ መሰላል የያዘላት እሱ ነው። ስለዚህ ብቻቸውን ሲሆኑ «አንቺ»፣ እንግዳ ፊት ደግሞ «እርስዎ» ይላታል።

«እርስዎ ምን ይላሉ?» አላት።

«የሠዓሊዋ ፈቃድ ነው» አለችው፣ ዓይኑን ላለማየት ካታሎግ እያገላበጠች።

ሠዓሊዋ ክፍሉ መካከል ቆማ አንድ ዓይኗን ጨፈነች። «ትንሽ ወደ ግራ ይውረድ... ትንሽ ይጨምሩ... እሱ በዛ... በቃ፣ እዚያው ላይ!» እያለች ዘጠኙንም በዓይን ግምት አሰቀለችው። አንዱ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ፤ አንዱ ሁለት ጣት፣ ሌላው አንድ ክንድ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ውሃ ልክ ብሎኑን ባጠበቀ ቁጥር በአፉ ውስጥ የሆነ ነገር ያጉተመትማል።

ያን ቀን ማታ ራት ቀርቦለት ሳይበላ ሳህኑን ያያል።

«ማን ሞተ?» አለችው ሚስቱ።

«ማንም አልሞተም። ዘጠኝ ሥዕል አንጋድጄ ሰቅዬ መጣሁ።»

«በገዛ እጅህ?»

«በገዛ እጄ።»

ሚስቱ ሳቋን ለመደበቅ ውሃ አመጣለሁ ብላ ተነሣች። ውሃው ግን ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ኤግዚቢሽኑ ተከፈተ፤ ሰው መጣ፤ ስለ መንጋደዱም ብዙ ተባለ። አንዱ «የዘመናችን ሚዛን ማጣት ነው» አለ፤ ሌላው «የትዝታ መንሸራተት» አለ። ውሃ ልክ መሰላሉን ታቅፎ በር ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰማ፤ አንዱም አላጽናናውም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ በሩ ለሕዝብ ሳይከፈት፣ የተቃጠለ አምፖል ሊቀይር ገባ። አምፖሉ ያለው አራተኛው ሥዕል ላይ ነው፤ ወጥ ቤቱ። ከሁሉም የባሰው እሱ ነበር። አምፖሉን ቀየረ። ከመሰላሉ ወረደ። መሰላሉን አጥፎ ሊሄድ ሲል እጁ ሄደች። በኋላ ለሚስቱ ሲነግራት «ዓይኔ እያየ እጄ ሄደች» ነው ያለው። አንድ ብሎን አላልቶ፣ ከፍ አድርጎ፣ ከደረት ኪሱ ትንሿን ውሃ ልክ አውጥቶ ፍሬሙ ላይ አስቀመጠና አረፋዋ መሐል ላይ ስትቆም ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ያን ቀን ምሳውን አጣጥሞ በላ።

ሠዓሊዋ ከሰዓት በኋላ አንድ ጋዜጠኛ ይዛ መጣች። «እዚህ ጋ እንደምታየው» ብላ እጇን ዘርግታ ዞረች፤ ሥዕሉ ቀጥ ብሎ ተገትሯል። ጋዜጠኛው «ምኑን ነው የማየው?» አላት።

ሥዕሉ ተመልሶ ተንጋደደ። በማግስቱ ሰባተኛው ተቃና። እሱ ተመልሶ ሲንጋደድ፣ በሦስተኛው ቀን ሁለተኛው ተቃና። ዳይሬክተሯ ሠራተኛውን ሁሉ ሰበሰበች። ጽዳት ሠራተኛዋ «ጭነት መኪናው ነው፤ በመንገዱ ባለፈ ቁጥር ሕንጻው ይንቀጠቀጣል» አለች።

«መንቀጥቀጥ ነገር ያንጋድዳል እንጂ ያቃናል እንዴ?» አለ ዘበኛው።

ይህን ማለቱ አልጠቀመውም። ክፍሉን ቀኑን ሙሉ የሚጠብቀው እሱ ነው፤ ቁልፉም እሱ ጋ ነው፤ ቀልደኛ መሆኑንም ሁሉም ያውቃል። ዳይሬክተሯ ፈራ ተባ እያለች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አዘጋጀች። ውሃ ልክ በኮሪደሩ ሲያልፍ ዘበኛው በዳይሬክተሯ በር ላይ ኮፍያውን አውልቆ ቆሞ አየው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረው ሲሠሩ ያን ሰው ኮፍያውን አውልቆ አይቶት አያውቅም፤ መላጣ መሆኑንም ያወቀው ያኔ ነው።

መሰላሉን ግድግዳ አስደግፎ ቀድሞት ገባ። ሠዓሊዋም እዚያው ተቀምጣለች።

«እኔ ነኝ» አለ።

ዳይሬክተሯ ከወረቀቱ ቀና አለች። «ምኑ?»

«ሥዕሎቹን የማቃናቸው። ዘበኛው ምንም አያውቅም። ደብዳቤው ላይ የኔን ስም ጻፊበት... ይጻፉበት።»

ዳይሬክተሯ እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ከድንጋጤ ይሁን ከሳቅ አልለየም። ሠዓሊዋ ግን ፊቷ ቀላ።

«ጋሼ፣ ሁለት ዓመት የለፋሁበት ሥራ እኮ ነው። እኔ መጥቼ የእርስዎን ወንበር አንድ እግሩን ብቆርጠው ደስ ይልዎታል?»

«አይለኝም» አለ። «ጥፋተኛ ነኝ። ራሴን አላውቅም ነበር አልልም፤ አውቄ ነው ያደረግሁት። ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ።» ሊወጣ ዞረና በሩ ላይ ቆመ። ከነገሩ ጋር ሳምንት ሙሉ ሲታገል ስለሰነበተ ዋጥ ሊያደርገው አልቻለም። «ግን ማንጋደድሽ አይደለም ያሳመመኝ። ቤት ሲዘምም እንዲህ አይዘምም።»

«እንዴት?»

«አንዱ ክፍል ወደዚህ፣ ሌላው ወደዚያ አይሄድም። አንድ ማዕዘን ይሰምጥና ቤቱ ሁሉ ያንን ተከትሎ ይወርዳል። በሩም መስኮቱም በአንድ ልክ። አንቺ ዘጠኙንም በየፊናቸው በተንሻቸው።»

ሠዓሊዋ ቀስ ብላ «የዘመመ ቤት መሆኑን ማን ነገረዎት?» አለችው። «ለማንም አልተናገርኩም። ካታሎጉም ላይ የለም።»

«ሥዕሉ ላይ አለ እንጂ። የኮሪደሩ በር አናቱ በአንድ ወገን ተልጓል። የደህና ቤት በር እንደዚያ አይላግም። ቤቱ ሲሰምጥ በሩ ፍሬሙን እየነከሰ አልዘጋ ይላል፤ ያኔ ሰው መላጊያ ይዞ አናቱን ትንሽ ትንሽ ያነሣለታል። ይህን በር ደግሞ ብዙ ጊዜ ነው የላጉት።»

«አባቴ ነው» አለች ሠዓሊዋ። ድምፅዋ ሌላ ሆኗል። «በየዓመቱ ዝናብ ሲያቆም ይልገው ነበር። ከሞተ ስድስት ዓመቱ። እኔ በሩ እንደዚያ ስለሆነ ነው እንደዚያ የሣልኩት፤ ለምን እንደሆነ አስቤበትም አላውቅ።»

ከበሩ ውጪ ዘበኛው «እኔ ኮፍያዬን ላድርግ ወይስ ልጠብቅ?» አለ።

በዚያው ቅዳሜ ሠዓሊዋ ውሃ ልክን ወደ እናቷ ቤት ወሰደችው። ሁለት አውቶቡስ ቀይረው፣ አንድ ቁልቁለት ወርደው ከታች ደረሱ። ባለ ሦስት ክፍል፣ የእንጨት ወለል ያለው አሮጌ ቤት ነው። እናትየዋ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ቀጭን፣ ዓይናቸው የፈጠነ። ሰውየው ገና በሩን ሲያልፍ መሣሪያውን አዩት።

«ምን ልታደርግበት ነው?»

«ቤቱን ልለካው ነበር እናቴ፣ ከፈቀዱልኝ።»

«ቤቱ ደህና ነው። የሚንጋደዱት ሰዎቹ ናቸው።»

ይህን ሲሉ የጠረጴዛው ሁለት እግሮች ሥር የታጠፈ ካርቶን ነበር። ቁም ሣጥኑም በሽቦ ግድግዳው ላይ ታስሯል። ሠዓሊዋ ልጅ ሳለች ኳስም ሆነ ብይ፣ ክርም ሆነ ቁልፍ የጠፋ ነገር ሁሉ የሚገኘው በጓዳው በኩል ባለችው አንዲት ማዕዘን ነበር፤ ተንከባሎ የማይደርስ ነገር አልነበረም። «ሂጂና ማዕዘኗን ጠይቂያት» ይሏት ነበር እናቷ።

ውሃ ልክ ጫማውን አውልቆ በጉልበቱ ተንበረከከ። ትልቋን መሣሪያ ወለሉ ላይ እያስተኛ፣ በአንድ ጫፏ ሥር ቀጫጭን እንጨት እየጨመረ፣ ክፍል በክፍል ለካ። ኮሪደሩንም፣ ወጥ ቤቱንም፣ መኝታውንም ለካ። እርሳሱን ከጆሮው ላይ አንሥቶ በወረቀት ጻፈ። የትም ቢለካ ልኩ ያው ነው፤ በየሜትሩ ሁለት ሴንቲ ተኩል፣ ወደዚያችው ማዕዘን።

«የሚገርም ነው» አለ ቀና ብሎ። «ሲዘምም እንኳ በሥርዓት ነው የዘመመው። ጥሩ አናጢ የሠራው ቤት ነው።»

እናትየዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «ባሌ ነው የሠራው። ሻይ ትጠጣለህ?»

ሻዩ መጣ። ብርጭቆው በአንድ በኩል እስከ አፉ፣ በሌላው በኩል ጎደል ብሎ ነበር። ውሃ ልክ አየው፤ ጠጣው፤ ምንም አላለም። ሠዓሊዋ ይህን ሁሉ እያየች በልቧ ታዘበችው።

ከሻዩ በኋላ ወደ ውጪ ወጥቶ ማዕዘኗን ከውጪ ዞረ። ምክንያቱን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀበትም። የጣሪያው ውሃ መውረጃ ቱቦ ከታች ተሰብሮ፣ በዘነበ ቁጥር ውሃውን በቀጥታ መሠረቱ ሥር ያፈሳል። አፈሩ ተበልቶ ድንጋዩ ተንጠልጥሏል።

«ይህ እንዲህ ከቀጠለ ቤቱ መዝመም ብቻ አይደለም፣ ይቀመጣል» አላቸው።

«ባሌም እንደዚያ ይል ነበር። ነገ እሠራዋለሁ፣ ነገ እሠራዋለሁ እያለ በሩን ሲልግ ኖረ።»

በሚቀጥሉት ሦስት ቅዳሜዎች ውሃ ልክ አንድ ግንበኛ ወዳጁን ይዞ መጣ። ቱቦውን ቀይረው ውሃውን ወደ መንገዱ ቦይ መለሱ። ማዕዘኗን ከመኪና መካኒክ በተዋሱት ክሪክ ደግፈው፣ ከሥር ቆፍረው ድንጋይና ሲሚንቶ አበሉ። ዘበኛውም ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ ሳይጠራ መጥቶ አፈር ሲዝቅ ዋለ። ለምን እንደመጣ ሲጠየቅ «ይህ ሰው ለኔ ሲል ራሱን አጋልጧል፤ ደግሞም ቤቴ ውስጥ ተቀምጬ ከሚስቴ ጋር መጋረጃ ከማጥብ ይሻላል» አለ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ግንበኛው የክሪኩን እጀታ ይዞ ቆመ። «አሁን ነው ጊዜው» አለ። «ሲሚንቶው ሳይደርቅ እንግፋውና እናቃናው። ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው።»

ውሃ ልክ ዓይኑ በራ። ይህን ቀን ሦስት ሳምንት ሲጠብቅ ነበር። ነገር ግን እናትየዋ በመስኮት ሰምተው ኖሮ ወጡ።

«ምኑን ነው የምታቃኑት?»

«ቤቱን እናቴ። እንደ መጀመሪያው ቀጥ ይላል።»

«ተው ልጄ።»

«ለምን?»

«አርባ ዓመት በዚህ ወለል ተራምጃለሁ። እግሬ ያውቀዋል። ወደ ወጥ ቤት ስሄድ ቤቱ ራሱ ነው የሚገፋኝ፤ ስመለስ ደግሞ ግድግዳው የት እንዳለ እጄ ያውቃል። ካቃናህልኝ በማግስቱ ወድቄ ወገቤን እሰበራለሁ። እንዳይብስበት አድርግልኝ፣ ከዚያ በኋላ እንዳለ ተወው።»

ውሃ ልክ ክሪኩን አየ። ግንበኛውን አየ። ግንበኛው ትከሻውን ነቀነቀ። ወደ ቤቱ ቀና ብሎ ረጅም ጊዜ ቆየ፤ ጣሪያውን፣ መስኮቱን፣ በሩን ተራ በተራ ተመለከተ። ዘበኛው በኋላ ለጋለሪው ሠራተኛ ሁሉ ሲተርክ «ሰውዬው እኮ ያለቅሳል ብዬ ነበር» ብሏል።

«እሺ እናቴ» አለ በመጨረሻ። «ልክ ነዎት። የሚኖሩበት እርስዎ ነዎት።»

ማዕዘኗን እንዳለች አጸኗት። ያን ቀን ግን በአንድ ነገር ጸና፦ የኮሪደሩ በር አናት ላይ በብዙ ዓመት መላግ የተፈጠረውን ክፍተት በቀጭን እንጨት ደፈነላቸው። ብርድ እንዳይገባባቸው ነው። እንጨቱን ከአሮጌው ጋር አጋጥሞ ሲያስገባ ባልየው የላገበትን ቦታ በጣቱ እየዳሰሰ «እጁ ጥሩ ነበር» ሲል ሠዓሊዋ ሰማችው።

ሰኞ ጋለሪው ዝግ ነው። ውሃ ልክና ሠዓሊዋ ገብተው ዘጠኙንም ሥዕሎች አወረዱ። ውሃ ልክ የቤቱን ልክ የጻፈበትን ወረቀት አወጣ።

«አንዲቱን የክፍሉን ማዕዘን እንምረጥ» አላት። «ያቺ የጓዳዋ ማዕዘን ናት እንበል። ሁሉም ሥዕል ወደሷ ይወርዳል። በነዚህ በሁለቱ ግድግዳዎች ያሉት ወደ ቀኝ፣ በነዚያ በሁለቱ ያሉት ወደ ግራ። በሜትር ሁለት ሴንቲ ተኩል። አንድ ሚሊ አልጨምርም፣ አንድ ሚሊ አልቀንስም።»

«በጣም ትንሽ አይሆንም?» አለች ሠዓሊዋ። «ሰው ሳያየው ቢቀርስ?»

«እናትሽ ቤት ስትገቢ ታዪው ነበር?»

አሰበች። «አላየውም ነበር» አለች። «ይሰማኝ ነበር እንጂ።»

ቀኑን ሙሉ ሲሰቅሉ ዋሉ። እሷ አንድም ጊዜ ዓይኗን አልጨፈነችም። እሱ በእያንዳንዱ ፍሬም ሥር በልኩ የጠረባትን ሽብልቅ እንጨት አግብቶ፣ መሣሪያውን በላይዋ አስቀምጦ፣ አረፋዋ መሐል ስትገባ ብሎኑን ያጠብቃል። ሰው ቢያየው ሥዕል እያቃና ነው የሚለው።

ማክሰኞ በሩ ሲከፈት ማንም ምን እንደተለወጠ አላወቀም። ግን ወደ ክፍሉ የሚገባ ሰው ሁሉ ትንሽ ሄድ ብሎ ድምፁን ይቀንሳል፤ እግሩን ይመረምራል። አንዲት ሴትዮ ወለሉ ዘሞ እንደሆነ ዘበኛውን ጠየቀችው። «ኧረ ወለሉስ ቀጥ ያለ ነው» አላት። ዘበኛው ደግሞ ሌላ ነገር ታዘበ፤ ማንም ቢሆን ሥዕሎቹን እያየ ሲዞር ቆይቶ መጨረሻው ያችው ማዕዘን ናት። ሦስት ቀን ካየ በኋላ ወንበሩን አንሥቶ ወደዚያው ወሰደ። «ሰዉ ሁሉ እዚህ ከመጣ እኔ እዚያ ብቻዬን ምን እሠራለሁ?» አለ።

በሳምንቱ እናትየዋ መጡ። ሠዓሊዋ ልትደግፋቸው እጇን ብትዘረጋ ገፋ አድርገዋት ከዘራቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ገቡ። መሐል ላይ ቆመው ዙሪያውን አዩ። ከዚያ ማንም ሳይመራቸው ቀጥ ብለው ከኮሪደሩ ወደ ወጥ ቤቱ፣ ከወጥ ቤቱ ወደ መኝታው ሄዱ። በየሥዕሉ ፊት እጃቸው በአየር ላይ ግድግዳ እንደሚፈልግ ዘርጋ ይላል።

«ቤቴ ነው» አሉ።

ከዚያ ወደ ወጥ ቤቱ ሥዕል ዞሩ።

«ግን ይህን ድስት ሳይታጠብ ነው እንዴ የሣልሽው?»

«እማዬ፣ ያን ቀን እንደዚያ ነበር።»

«ይህ ሁሉ ሰው የኔን ቆሻሻ ድስት እያየ ነው የሚውለው? ነይ እስቲ፣ ቀለሙን አምጪና አጥቢው።»

ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሳቀ። እናትየዋ ግን እየቀለዱ አልነበረም፤ ከመሄዳቸው በፊት ዳይሬክተሯንም ስለ ድስቱ አነጋግረዋታል። ውሃ ልክ በር ላይ መሰላሉን ይዞ ቆሞ ነበር። ሲያልፉ ቆም ብለው ክንዱን ያዝ አደረጉት። «ልኩን አልሳትክም» አሉትና ወጡ። ሰውየው ለሚስቱ ከዚያ ቀን ወሬ ሁሉ ደጋግሞ የነገራት ይህችን ሁለት ቃል ነው።

ሠዓሊዋ መግቢያው ላይ ካለው ከራሷ ስም ሥር «ልክ፦ የጋለሪው አናጢ» የሚል አንድ መስመር አስጻፈች። ውሃ ልክ «ይህ ነገር አያስፈልግም» ብሎ ተከራከረ። ሚስቱ ግን ከሆስፒታሉ መዝገብ ክፍል ስድስት ሴቶች አስከትላ መጥታ መስመሯን ጮክ ብላ አነበበችላቸው። ሥዕሎቹን ያዩት ከዚያ በኋላ ነው።

ኤግዚቢሽኑ ሲያበቃ በባሕር ዳርቻ ካለ ሌላ ከተማ ግብዣ መጣ። ሠዓሊዋ ለግብዣው መልስ ስትጽፍ አንድ ነገር ጠየቀች፦ ሥዕሎቹ ያለ ሰቃያቸው አይሄዱም። ውሃ ልክ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ከተወለደበት ከተማ ወጥቶ አያውቅም ነበር። ሚስቱ የዓመት ፈቃዷን ወሰደች፤ ሁለቱም በባቡር ሄዱ። መንገዱን ሙሉ በመስኮት ሲያዩ ቆዩ፤ እሱ የሚያልፉትን ድልድዮች እያመሰገነ፣ እሷ የሚያልፉትን ሰፈሮች «እዚህ ብንኖር» እያለች።

የዚያ ጋለሪ አናጢ ሴት ናት፤ ሥራዋን የምታውቅ፣ ነገር የማትቀበል። የመጀመሪያውን ቀን «ሁለት ሴንቲ ተኩል ያልከው ከየት መጣ?» እያለች ስትሞግተው ዋለች። በሁለተኛው ቀን የገዛ ጋለሪዋን ወለል ለክታ ስታገኘው አንድ ሴንቲ ዘሞ ኖሯል። «አሥር ዓመት ስሠራ ለምን ለክቼው አላውቅም?» አለች ተናዳ፤ ከዚያ በኋላ እንደ ወንድምና እህት ሆኑ። በሦስት ቀን ሰቅለው ጨረሱ።

ባቡሩ የሚመለስበት ቀን ሚስቱ «ገና ጊዜ አለን፤ ዛሬ እንደ እንግዳ እንግባ» አለችው። ትኬት ይዘው እንደ ማንም ሰው በዋናው በር ገቡ። አንድ ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ ግድግዳው ላይ ፊልም ይታያል፦ አንዲት አሮጊት ብርቱካን ይልጣሉ። ሌላ ምንም የለም። ቀስ ብለው፣ ልጣጩ ሳይበጠስ፣ ይልጣሉ።

«እንሂድ» አለ ውሃ ልክ በሹክሹክታ።

«ቆይ። ልጣጩ ሳይበጠስ ይጨርሱት እንደሆነ ልይ።»

ተቀመጡ። ሌሎች ሰዎች ገቡ፤ አይተው ወጡ። እነሱ ተቀምጠዋል። አንድ ቦታ ላይ ልጣጩ ሊበጠስ ሲል ውሃ ልክ የሚስቱን ጉልበት ጨበጠ። አልተበጠሰም። ሃያ ደቂቃ ሊሞላ ሲል ልጣጩ አንድ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ፤ አሮጊቷ ብርቱካኑን ለሁለት ከፍለው፣ ግማሹን ከካሜራው ወዲህ ላለ ለማይታይ ሰው ዘርግተው ፊልሙ አበቃ።

ሁለቱም ነጩን ግድግዳ ሲያዩ ቆዩ።

«እኔ ብርቱካን አማረኝ» አለ ውሃ ልክ።

«እኔንም» አለች።

ከባቡር ጣቢያው በር ላይ አንድ ኪሎ ገዝተው ተሳፈሩ። ባቡሩ ከከተማው ሳይወጣ በፊት ሁለት በልተው ነበር፤ እሷ የላጠችው በመጀመሪያው ዙር ተበጠሰ፣ እሱ የላጠው ግን እስከ ግማሽ ደረሰ፤ እየሳቁ ሦስተኛውን አነሡ።